የሪሀና ዘፈንና የፋናሩ በር

ሰሊማ ወሬ ትወዳለች። ይሄን ስል እያማኋት አይደለም፤ ፊት ለፊቷም ብዬዋለሁ፣ ስቃለች። ቤይሩት ኦዛይ ውስጥ፣ አውሮፕላን ጣሪያ የሚልስ እስኪመስል ዝቅ ብሎ በሚያልፍበት ሰፈር፣ ሶፋና ቁምሳጥን የሚሠራ አንድ ወርክሾፕ ታጸዳለች። የመጋዝ ብናኝ ትጠርጋለች፣ ለአናጺዎቹ ሻይ ታፈላለች፣ ቁልፉም የሚያድረው እሷ ጋ ነው። የወሎ ልጅ ናት፣ የሐይቅ። ቤይሩት ስትገባ ፀጉሯ ጥቁር ነበር፤ አሁን ሒና ነው የሚያስጠቁረው። ከማዳም ቤት ወጥታ በራሷ ተከራይታ መኖር ከጀመረች ወዲህ የሀበሻው ጉዳይ ሁሉ በእሷ በኩል ያልፋል። የታመመ፣ የተደበደበ፣ ያገባ፣ የፈታ፣ የሞተ፤ ሁሉም መጀመሪያ የሚደውለው ለሰሊማ ነው።

እሁድ እሁድ ወርክሾፑ ሲዘጋ ደግሞ የሮክ ባንድ ይለማመድበታል። ባንድ ሲባል ብዙ ሰው እንዳይመስላችሁ። ጊታር የምትመታውና የምትዘፍነው ዳጊ ናት፣ የአዲስ አበባ ልጅ፣ አንገቷ ላይ ማተብ፣ እጇ ላይ የማዳሟ ልጅ ሰልችቶት የጣለው ቀይ ጊታር። ከበሮው የጁነይድ ነው። እሱ እዚያው ወርክሾፕ አናጺ ነው፤ የከበሮው ግማሽ ከአሮጌ ዕቃ ተራ የተገዛ፣ ግማሹ የቫርኒሽ ቆርቆሮ ነው። ሁለተኛዋ ድምፅ ሪሀና ነበረች። የባንዱ ስም «ኮንትራት» ይባላል።

«ነጻ ባንድ ነን፣ ያለ ከፊል» ትላለች ዳጊ ለጠየቃት ሁሉ። ከፊል ማለት ወረቀትሽን የያዘው አሠሪሽ ነው፤ እዚህ አገር ያለ ከፊል በሕግ የሚንቀሳቀስ ሀበሻ የለም።

«ያለ ተመልካችም» ይላል ጁነይድ።

ተመልካቻቸው ሰሊማ ናት። ፕላስቲኩ ያልተነሳለት አዲስ ሶፋ ላይ ትቀመጥና ዓይኗን ጨፍና ትሰማለች። ሙዚቃ ያስተማራት የለም፤ ሲያልቅ ግን መጀመሪያ ያማረውን ትናገራለች፣ ቀጥሎ ያላማረውን። «ስትስም ቆይታ ነው የምትነክሰው» ይላታል ጁነይድ። እነሱም አስተያየቷን ሳይሰሙ ምንም ነገር አይለቁም ነበር። እስከዚያች እሁድ ድረስ።

ሪሀና የሞተችው ከዚያች እሁድ በፊት ባለው ረቡዕ ነው።

ረፋዱ ላይ ሰሊማ ስትጠርግ ስልኳ ጠራ፤ ሪሀና ናት። «ሃሎ» ብትል የሚመልስ የለም። ስልኩ ተደውሎ ወለል ላይ ወድቋል መሰለኝ። መጀመሪያ የተሰማት ብረት ሥጋ ላይ ሲያርፍ ነው። «ምንጣፍ የሚያራግፉ ነው የመሰለኝ» አለችኝ ሰሊማ። የምትሠራበት ቤት ሰውዬ በመጋረጃ ብረት ነበር የሚደበድባት። ሪሀና አላለቀሰችም። «ያ ከልብ!» አለችው፣ አንተ ውሻ። በአማርኛ ደግሞ «እጅህ ይቆረጥ! የታባክ!» እያለች ትሰድበው ነበር። ድንገት ሰውዬው ራሱ ጮኸ፣ እንደሚታረድ ነገር። መስታወት ተሰበረ። ከዚያ በኋላ የቧንቧ ውሃ ሲፈስ ብቻ ይሰማ ነበር፣ ስልኩ እስኪዘጋ።

ከአራተኛ ፎቅ ራሷን ጣለች ተባለ። ሰሊማ ሆስፒታል ድረስ ሄዳ አስከሬኗን አየች። የግንባሯ አጥንት ወደ ውስጥ ገብቷል፣ የግራ ክንዷ በማይታጠፍበት በኩል ታጥፏል። ጥርሶቿ መሀል ግን የሰው ቆዳ ነበር። የእሷ አልነበረም።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ሪሀና እህት አላት። ነስሪያ ትባላለች፣ ታላቋ ናት፣ ፋናር ተራራው ላይ አንድ ማዳም ቤት ነው የምትሠራው። ስልኳን ማዳሟ ትይዛለች፤ የምትሰጣት እሁድ ብቻ ነው። መርዶ ደግሞ በእኛ ዘንድ እንዲሁ አይወረወርም። ጠዋት፣ ከሱብሒ ሶላት በኋላ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ግራና ቀኝ እጇን የሚይዙ ተዘጋጅተው ነው የሚነገረው። ምክንያቱም የሰማች ሴት ደረቷን ትደልቃለች፣ ፊቷን ትቧጭራለች፣ መሬት ላይ ትፈጠፈጣለች፤ የሚይዛት ከሌለ ራሷን ታጠፋለች። ስለዚህ ሰሊማ ለነስሪያ ማዳም ደውላ ለምናለች። ማዳሟም «ሐራም፣ ሚስኪን» ብላ አዝና ተስማማች። ማክሰኞ ጠዋት ሴቶቹ ይምጡ፣ እስከዚያ ስልኩን አልሰጣትም፣ እሁድም ቢሆን አልሰጣትም አለች።

እሁድ ዳጊና ጁነይድ ዘፈኑን ይዘው መጡ። ዳጊ እንቅልፍ አልተኛችም፣ ዓይኗ በርበሬ መስሏል። ሰሊማ ሶፋዋ ላይ ተቀመጠች። አውሮፕላን እስኪያልፍ ጠበቁና ጀመሩ።

«ሪሀና፣ ሪሀና፣ የአራተኛው ፎቅ ወፍ፣
እማዬ እያለች ረገፈች፣ እንደ ላባ እርግፍ።»

መሀል ላይ ጊታሩ ዝም ይልና ጁነይድ ብቻውን ቆርቆሮውን ይደልቃል፤ ደግሞ፣ ደግሞ፣ ደግሞ። ሰሊማ ዓይኗን አልጨፈነችም። እጇን ጉልበቷ ላይ ጭምቅ አድርጋ ይዛለች።

ሲያልቅ ሁለቱም ወደ እሷ ዞሩ።

«እንዴት ነው ሰሉ?» አለች ዳጊ።

«ያምራል» አለች ሰሊማ። «መጀመሪያ ላይ ድምፅሽ ሲሰበር ያምራል። ሳትጠግኚው ተይው። ጁነይድ፣ አጀማመርህ ጥሩ ነው።»

«ቀጥሎ ልትነክሰን ነው» አለ ጁነይድ።

«ሪሀናን ተሸክመሽ ታውቂያለሽ፣ ዳጊ? ያኔ እግሯ ወለም ሲላት አራት ፎቅ ደረጃ አዝያታለሁ። ላባ አይደለችም። ‹እማዬ›ም አላለችም። እኔ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ ስትሳደብ ነው የሞተችው። ነክሳዋለች። እናንተ ግን በዘፈናችሁ እጇን አጣጥፋችሁ ጣላችኋት። ለምንድነው ሁለተኛ የምትገድሏት?»

ዳጊ የጊታሩን ገመድ ታሻለች።

«አንተ ደግሞ፣ ያ መሀል ላይ የምትደልቀው። ወላሂ እሱ ራሱ ነው፣ ረቡዕ በስልክ የሰማሁት። አለስልሰው።»

«አለስልሰው?» አለች ዳጊ።

«አለስልሰው። ስሟንም ለጊዜው አውጡት። ማክሰኞ ነስሪያ መርዶዋን ትስማ፣ እናቷም አገር ቤት ትረዳ፣ ከዚያ በኋላ እንኳን ስሟን የአያቷንም ስም አስገቡት።»

«ማክሰኞ!» ዳጊ ጮኸች። «ማክሰኞ ሬሳዋን ጭነው ሊልኳት ነው! ሰውዬው ቤቱ ተቀምጦ እጁን በፋሻ ጠቅልሎ ቴሌቪዥን ያያል! አንቺ አለስልሱት ትያለሽ፣ ስሟን አውጡ ትያለሽ! ሻይ አፍዪ፣ ዝም በዪ፣ አለስልሺ! አሥራ ስንት ዓመት ስታለሰልሺ ምን አመጣሽ?»

«ዳጊ!» አለ ጁነይድ።

ዳጊ መዶሻ አነሳችና መደርደሪያው ላይ ወረወረችው። የቫርኒሹ ጣሳ ፈነዳ፤ ቀዩ ፈሳሽ በአዲሱ ሶፋ ፕላስቲክ ላይ እየተንዠቀዠቀ ወረደ። ሰሊማ ተነስታ በጥፊ አጮለቻት። ዳጊ ሻሿን ጨምድዳ ያዘች፤ ተያይዘው ብናኙ ላይ ወደቁ፣ አንዷ የአንዷን ፀጉር ይዛ፣ ቫርኒሹ ክርናቸውን እየቀባ። ጁነይድ መሀል ገብቶ ሲገላግል አፍንጫው ላይ በክርን ተመታ፣ ደሙ ከቫርኒሹ ጋር ተቀላቀለ።

«ለቅቄዋለሁ!» አለች ዳጊ ከታች ሆና። «አስተያየትሽ አያስፈልግም፣ ለቅቄዋለሁ! ግሩፑ ላይ!»

ሁሉም ቀጥ አሉ።

ግሩፑ የሴቶቹ የዋትስአፕ ግሩፕ ነው፤ ነስሪያም አለችበት።

«ስልኳ ማዳሟ ጋ አይደል እንዴ?» አለች ዳጊ፣ ድምፅዋ ወርዶ። «እስከ ማክሰኞ አይሰጧትም አላልሽም? ሰዉ አስተያየት ከሰጠበት በኋላ አጠፋዋለሁ ብዬ ነው... ነገ...»

ሰሊማ ስልኳን አወጣች። ግሩፑ በለቅሶ ተሞልቷል። «ወይኔ ሪሀናዬ»፣ «አላህ ይዘንላት»፣ ያለቀሱበት ድምፅ፣ የተቀዳ ዋይታ። ዳጊ ዘፈኑን አጠፋች፤ ሌሎቹ ግን ለሌላ ልከውታል፣ ሌላውም ለሌላ። ሰሊማ የነስሪያን ስም ከፍታ አየች። ከስሙ ሥር «ኦንላይን» ይላል።

ማዳሟ አዝናላት ኖሯል። ለእሁድ ምሳ ወደ ቤተሰቦቿ ስትሄድ «ሚስኪን፣ ዛሬ ታውራበት» ብላ ስልኩን ሰጠቻት። እንደ ልማዷ በሩን ቆልፋባት ሄደች።

ሰሊማ በቪዲዮ ደወለች። ስልኩ ሲጠራ በሻሿ ጫፍ ፊቷን ጠረገች፤ ነስሪያ ስታነሳ ሰሊማ እየሳቀች ነበር።

«አንቺ! ከየት ተገኘሽ?»

«ያ ሰሊማ!» ነስሪያ ፊቷ ስክሪኑን ሞላው። «አሁን ነው የሰጠችኝ ወላሂ። ፊትሽ ላይ ምንድነው ቀዩ?»

«ቫርኒሽ። ዳጊ ዛሬ እኔን ልትቀባ ነው የመጣችው። ስልኩን እንዳትዘጊው፣ ናፍቀሽኛል፣ ፊትሽን ልጠግበው።» በሌላው እጇ ለጁነይድ ምልክት ሰጠችው። ጁነይድ የወርክሾፑን ቫን ቁልፍ ነጥቆ ሮጠ።

እንግዲህ ከኦዛይ እስከ ፋናር መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል። ጁነይድ ቫኑን እንደ እብድ ይነዳል፤ ከኋላ መጋዝና መሮ ይንኳኳሉ፣ ዳጊ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ድምፅዋ እንዳይሰማ ክንዷን ነክሳለች። ሰሊማ ከፊት ተቀምጣ ታወራለች። በሕይወቷ እንደዚያ ቀን አውርታ አታውቅም። አንድ ደንበኛ ሶፋ ገዝቶ ሚስቱ አልጋ ነው ብላ እንደተኛችበት፤ ስለ አናጺው አባጀበል፣ ጥርሱን አስነቅሎ የተነቀለውን ጥርስ በኪሱ ይዞ እንደሚዞር። ነስሪያ ትንከተከታለች።

«ቆይ፣ ስልኩ ይንቀጠቀጥብኛል» አለች ነስሪያ። «መልእክት ይጎርፋል፣ ምንድነው ዛሬ?»

«ዳጊ ዘፈን ለቃ ነው። ሰዉ አስተያየት እየሰጠ ነው።»

«ቆይ ልስማው እስቲ።»

«እንዳትከፍቺው! ገና ነው፣ አላለቀም። ከበሮው ይጮኻል፣ ግጥሙ ልክ አይደለም፣ ሊያስተካክሉት ነው። አብረን ነው የምንሰማው፣ እየመጣሁልሽ ነው።»

«ልትመጪ ነው? አሁን? በሩ እኮ ተቆልፏል።»

«ከታች ሆኜ አይሻለሁ። ሳልደርስ እንዳትሰሚው፣ ወላሂ በይኝ።»

«አንቺ ደግሞ ለዘፈን ወላሂ?»

«በይ!»

«እሺ፣ ወላሂ። ግን ሪሀና ድምፅዋ አለበት? ስልኳ ከሰሞኑ አይነሳም። ያቺ ማዳሟ ወስዳባት ይሆናል።»

ሰሊማ ማንም ያልሰማው ሌላ ቀልድ ጀመረች።

ምካሌስ አደባባይ ላይ አንድ መኪና ዘግቷቸው ቆመ። ሹፌሩ ወርዶ በቡጢ መስኮቱን ይደበድባል፣ ይሳደባል፤ ጁነይድ አፍንጫው እየደማ መሮውን አንስቶ አሳየው። ሰውዬው ወደ ኋላ አለ። ሰሊማ ስልኩን ወደ ጣሪያው አዙራ «ትራፊክ ነው እታለም፣ ታውቂያቸው የለ፣ ያኒ፣ እንዲያው እሁድም አያርፉ» አለች።

ፋናር ሲደርሱ ነስሪያ በረንዳ ላይ ወጥታ እጇን እያውለበለበች ነበር። እነሱ «በልኮን» ነው የሚሉት። ሦስተኛ ፎቅ። ከታች ሲሚንቶ። ሰሊማ ቀና ብላ ያንን በልኮን አየች። አሁን ብትነግራት የሚይዛት የለም፤ በሩ ቁልፍ ነው፣ በልኮኑ ክፍት ነው። ባትነግራት ስልኩ እጇ ላይ ነው።

«ጁነይድ» አለች በሹክሹክታ። «በሩን ስበረው።»

«ያስሩናል ሰሊማ። ወረቀት የለኝም።»

«አውቃለሁ።»

ጁነይድ ዲጂኖውንና መዶሻውን ይዞ ደረጃውን ወጣ። ሰሊማና ዳጊ ተከተሉት።

«ነስሪያ፣ ከበልኮኑ ግቢ» አለች ሰሊማ በስልኩ። «ኮሪደሩ ላይ ቁጭ በይ። እኛ ነን፣ በሩን ልንከፍተው ነው።»

ጁነይድ የመጀመሪያውን ሲመታ ሕንጻው በሙሉ ተንቀጠቀጠ። ነስሪያ ስክሪኑ ላይ ፊቷ ተለወጠ።

«ሰሊማ። በር እየሰበራችሁ የምትመጡት ለዘፈን ነው?»

ሰሊማ ወሬ አጣች። ሰሊማ!

«ማን ነው?» አለች ነስሪያ። «እማ ናት?»

«ወላሂ ብለሽኛል።»

«ብያለሁ። አልከፈትኩትም። ማን ነው የሞተብኝ?»

ጁነይድ ይደልቃል። እንጨቱ ተሰነጠቀ፣ ብረቱ ግን እንቢ አለ። ከታች ናጡሩ፣ የሕንጻው ዘበኛ፣ «ሐራሚ! ሐራሚ!» ሌባ ሌባ እያለ የውሃ ቱቦ ብረት ይዞ ወጣና ጁነይድን ትከሻው ላይ አሳረፈበት። ጁነይድ ተንበረከከ። ናጡሩ ደግሞ ሊደግም ሲያነሳ ዳጊ ዘላ እጁ ላይ ተንጠለጠለች፤ አንጓውን ነክሳ አልለቅም አለች። ሰውዬው ጮኸ፣ ግድግዳው ላይ አላተማት፣ ደግሞ አላተማት፤ አልለቀቀችም። ቱቦው ደረጃውን እያንኳኳ ወረደ። ጁነይድ በአንድ እጁ መዶሻውን አንስቶ በሙሉ ሰውነቱ መታ። በሩ ወደ ውስጥ ተገነጠለ።

ነስሪያ ኮሪደሩ ላይ አልነበረችም። የበልኮኑ ደፍ ላይ ቆማለች፣ ስልኩን ደረቷ ላይ ይዛ።

ሰሊማ ሮጣ ግራ እጇን ያዘች። ዳጊ አፏ ደም በደም ሆኖ ቀኟን ያዘች። መናገር አያስፈልግም ነበር። ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ሲይዛት ምን ማለት እንደሆነ የወሎ ሴት ታውቃለች።

«ሪሀና ናት» አለች ነስሪያ።

«ሪሀና ናት» አለች ሰሊማ።

ከዚያ በኋላ ያለውን እንዴት እነግራችኋለሁ? ነስሪያ ወደ በልኮኑ ተወረወረች፤ ጎትተው ጣሏት። በጭንቅላቷ የሰሊማን አፍ መታች፣ የፊት ጥርሷ ተሰበረ። የራሷን ጉንጭ ቧጭራ ደም አወጣች፣ ዳጊን በእግሯ ሆዷ ላይ ረገጠቻት፣ የማዳሟን መስታወት ጠረጴዛ ገለበጠችው። ሁለቱ ላይዋ ላይ ተኝተው ያዟት። ጁነይድ ደፉ ላይ ትከሻውን ይዞ ተቀምጦ «ኢና ሊላሂ» ይላል። ናጡሩ እጁን በሸሚዙ ጠቅልሎ በተሰበረው በር በኩል አየ፤ አንዲት ሴት እንዲያ ስትጮኽ ከዚያ በፊት ሰምቶ አያውቅም መሰለኝ፣ አልገባም። ፖሊስ ጠርቶ ነበር። «ሂዱ» አላቸው። «ያላ፣ ሳይመጡ ሂዱ።»

ይዘዋት ወረዱ።

ቫኑ ውስጥ፣ መጋዝና መሮው መሀል፣ ነስሪያ ምካሌስን ሲያልፉ ነው ድምፅ ያወጣችው።

«እንዴት ሆና ሞተች?»

ሰሊማ በተሰበረ ጥርሷ እያፏጨች ነገረቻት፤ ብረቱን፣ ስድቡን፣ ቆዳውን። ምንም አላስቀረችም።

«ነከሰችው?»

«ነከሰችው።»

ነስሪያ ራሷን ነቀነቀች። ፊቷ ላይ የራሷ ጥፍር ያወጣው ደም ደርቋል። «ዘፈኑን ክፈቱልኝ።»

«ይቅርብሽ ነስሪያዬ» አለች ዳጊ። «ከግሩፑ አጥፍቼዋለሁ። ደግሞም ልክ አይደለም...»

«ክፈቺው አልኩሽ።»

ዳጊ ስልኳን ከፈተች። ነስሪያ ጭንቅላቷን ቫኑ ግድግዳ ላይ አስደግፋ ዳር እስከ ዳር ሰማችው። «እማዬ» ሲልና ላባው ጋ ሲደርስ ከንፈሯን ነከሰች። ሲያልቅ ወደ ዳጊ ዞረች።

«‹እማዬ›ን አውጪው። እንደሱ አላለችም።»

«እሺ።»

«የተሳደበችውን አስገቢ። እንዳለችው።»

«እሺ እታለም።»

«ስሟ ይቆይ።» ሰሊማ ልትናገር ስትል ነስሪያ ቀደመቻት። «አውቃለሁ። ለአጎቴ ለአብዱልዋሂድ አሁን እደውልለታለሁ። ነገ ከሱብሒ በኋላ ሰው ይዞ እማን ያረዳታል። እሷ ከተረዳች በኋላ ልቀቁት። ከነስሟ።»

«ከበሮውስ?» አለ ጁነይድ ከመሪው ሳይዞር፣ ባንድ እጁ እየነዳ። «ሰሊማ አለስልሰው ብላኛለች።»

ነስሪያ ሰሊማን አየቻት። ሰሊማ በሻሿ አፏን ይዛ ዓይኗን ወደ መስኮቱ መለሰች። አውሮፕላን ወደ ኦዛይ እየወረደ ነበር።

«ለስላሳ ነው አሁንም» አለች ነስሪያ። «በሩን ስትሰብር እንደመታኸው ምታው።»